የፈርናንዲናና የታጉስ ኮቭ አንድ ቀን፦ በላቫ ላይ መራመድና በቀዝቃዛ ባሕር መዋኘት ለማን ይከብዳል?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዲት እናት ከባለቤታቸው፣ ከ13 ዓመት ልጃቸውና ከ66 ዓመት እናታቸው ጋር በነሐሴ መጀመሪያ የኢኳዶር ወደሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች በአነስተኛ መርከብ ለመጓዝ ተመዝግበዋል። የመርከቡ መርሐ ግብር በአራተኛው ቀን ጠዋት በፈርናንዲና ደሴት፣ ፑንታ ኤስፒኖዛ በሚባለው ስፍራ በላቫ ላይ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎም በስኖርክል (በአፍ በሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ፣ ፊትን ውኃ ውስጥ አጥልቆ) መዋኘት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቦሊቫር ሰርጥ ማዶ በኢዛቤላ ደሴት፣ ታጉስ ኮቭ ላይ ሌላ ዋናና አንድ ዳገት ይዟል። ጠያቂዋ ከመዋኛ ገንዳ ውጭ ዋኝተው አያውቁም፤ እናታቸው ዋና አይችሉም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፍልሰታንም ይጾማሉ። «ቀኑ ይከብደናል ወይ? እናቴ መርከብ ላይ ይቅሩ? እሳተ ገሞራውስ በ2024 ፈንድቶ ስለነበር አያሰጋም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሙያዬ የእሳተ ገሞራ አለቶች ጥናት ነው፤ በአፋር የላቫ ሜዳዎችም ሆነ በጋላፓጎስ ምዕራባዊ ደሴቶች ላይ ሠርቻለሁ፣ መንገደኞችንም አጅቤ ሄጃለሁ። መደምደሚያዬን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ቀኑ ለአራታችሁም ይሆናል፤ ነገር ግን አራታችሁም ሁሉንም ነገር ማድረግ የለባችሁም። እናትዎ የጠዋቱን ጉዞ በከፊል፣ በትንሿ ጀልባ የሚደረገውን ጉብኝት ደግሞ በሙሉ ይካፈሉ፤ የታጉስ ኮቭን ዳገት ግን ይተዉት። እርስዎ ላይፍ ጃኬት ለብሰው የጠዋቱን ዋና ይግቡ፤ የከሰዓቱን በጠዋቱ ላይ ተመሥርተው ይወስኑ። የመንገዱ ርዝመት ማንንም አያደክምም፤ ሁለቱም የእግር ጉዞዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ቢፈጁ ነው። ሰውን የሚፈትኑት የውኃው ቅዝቃዜና የእግር አጣጣል ናቸው፤ የምጽፈውም በአመዛኙ ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

በቅድሚያ የእሳተ ገሞራውን ነገር ላንሣ። ፈርናንዲና በዓለም ላይ እጅግ ንቁ ከሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አንዱ ነው፤ በ2017፣ በ2018፣ በ2020 እና በ2024 ፈንድቷል (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በማርች 2024 የጀመረው ፍንዳታ ሁለት ወር ገደማ ቆይቷል። ሆኖም ያን ጊዜ ቅልጥ አለቱ የወጣው ከተራራው አናት አጠገብ፣ በደቡብ ምሥራቅ ትከሻው ላይ በተከፈተ ስንጥቅ ሲሆን፣ እናንተ የምትወርዱበት ፑንታ ኤስፒኖዛ በደሴቱ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። የፈርናንዲና ቅልጥ አለት ቀጭንና ጋዙን በቀላሉ የሚለቅ ባዛልት በመሆኑ፣ ኤርታሌን ያየ ሰው ጠባዩ አይጠፋውም፤ ብዙውን ጊዜ በስንጥቅ ወጥቶ ይፈስሳል። ተራራውን የኢኳዶር ብሔራዊ ፖሊቴክኒክ የጂኦፊዚክስ ተቋም በመሣሪያና በሳተላይት ይከታተለዋል፤ አስጊ ነገር ሲኖርም የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ቦታውን ይዘጋል። ስለዚህ በጉዟችሁ ሰሞን ተራራው ቢነቃ በእናንተ ላይ የሚደርሰው የመርሐ ግብር ለውጥ ነው፤ ዕድል ከገጠማችሁም በሌሊት ከመርከቡ ላይ ሆናችሁ ቀይ ጅረቱን ከሩቅ ታያላችሁ። በዚህ ነገር እንቅልፍ አይጡ።

ማሰብ ያለብዎት ስለ ቅዝቃዜው ነው። ጋላፓጎስ በምድር ወገብ ላይ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ባሕሩ ሞቃት ይመስለዋል። በነሐሴ በደሴቶቹ ምዕራባዊ ክፍል የውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ26 ዲግሪ በላይ ነው፤ ዋናን በሶደሬ ፍል ውኃ ለለመደ ሰውማ ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነው። ምክንያቱ ራሱ ተራራው ነው። በምድር ወገብ ሥር፣ ከውቅያኖሱ ገጽ ዝቅ ብሎ፣ ክሮምዌል የሚባል ቀዝቃዛ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ይህ ጅረት በሰፊው ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከውኃው በላይ 1,476 ሜትር የሚቆመውን ፈርናንዲናንና ከበስተኋላው ያለውን የኢዛቤላን ረጅም ግድግዳ ይገጫል፤ መተላለፊያ ስለሚያጣም ወደ ላይ ይወጣል። ከጥልቁ ይዞት የሚወጣው ንጥረ ምግብ ፕላንክተንን (በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን) እና የባሕር አልጌን ይመግባል፤ ዓሣው ያንን ተከትሎ ይመጣል፣ ፔንግዊኑና ኮርሞራንት የሚባለው የባሕር ወፍ ዓሣውን ይበላሉ፣ የባሕር ኢጓና የሚባለው እንሽላሊትና ኤሊው አልጌውን ይግጣሉ። በምድር ወገብ ላይ ፔንግዊን መገኘቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ጅረቱ በደከመበት በ1982 እና 1983 የኤል ኒኞ ዘመን (የሰላማዊ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው በሚሞቅበት ጊዜ) ውኃው ሞቆ አልጌው ጠፋ፣ ከጋላፓጎስ ፔንግዊኖችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። እንግዲህ የሚፈሩት ቅዝቃዜና ሊያዩ የሚሄዱት ነገር የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ውኃው ሞቃት የሆነበትን ወቅት ቢመርጡ ዋናው ይቀላል፣ የሚታየው ግን ይቀንሳል። ከዚሁ ጋር ውኃው በፕላንክተን የተነሣ አረንጓዴ ቀለም ሊይዝና እንደ ቀይ ባሕር ጥርት ያለ ላይሆን እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፤ በምዕራብ ደሴቶች ብዙ ነገር የሚታየው ከቅርብ ነው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልግባ። ሰዓቱን የምጽፈው በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ 2 ሰዓት ያልኩት በመርከቡ ሰሌዳ ላይ 8 ሆኖ ያገኙታል። ከቁርስ በኋላ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ፓንጋ በሚሏት በአየር የተነፋች የሞተር ጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር ትሄዳላችሁ። በፑንታ ኤስፒኖዛ አወራረዱ «ደረቅ» ይባላል፤ ይህም ውኃ ውስጥ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ድንጋይ መውረጃው የሚራመዱበት ነው። ነገር ግን ባሕሩ ሲሸሽ መውረጃው በአልጌ ይሸፈንና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፓንጋው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ከመርከበኛው ጋር የምትያያዙት እጅ ለእጅ ሳይሆን ክንድ ለክንድ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ከእጅ አንጓው ከፍ አድርጎ በመያዝ ነው፤ እጅ ለእጅ የተያያዘ ሰው እጁ ረጥቦ ከሆነ ያመልጣል። እናትዎ ይህን አያያዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይልመዱ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ባደረገበት ቅጽበት ሳይቸኩሉ አንድ እግር ማስቀደም ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ከማንግሮቭ ቁጥቋጦው ወጥታችሁ ላቫው ላይ ስትቆሙ፣ ከፊታችሁ የሚዘረጋው ጥቁር ሜዳ በአብዛኛው ፓሆይሆይ የሚባለው ለስላሳ ገጽ ያለው የላቫ ዓይነት ነው። ሲፈስስ ላዩ አስቀድሞ ይረጋና ከሥሩ ያለው ትኩስ ፍሳሽ እየገፋ ያጣጥፈዋል፤ የገመድ ጥምዝ የመሰለው መልኩ የመጣው ከዚህ ነው። ከሥር ያለው ፈስሶ ባለቀበት ቦታ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል፤ በላዩ ሲረግጡ ባዶ ጋን እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይሰማሉ። መሪያችሁ ከነጭና ጥቁር ምልክቶቹ መካከል እንዳትወጡ የሚወተውተው ለእንስሳቱ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ቅርፊቱ በስስ ቦታ ሊሰበር ይችላል፣ የተሰበረው ጠርዝም እንደ ጠርሙስ ስለታም ነው። የላቫው ሜዳ ሲያዩት ጠፍጣፋ ቢሆንም ስንጥቅና ጉብታ የበዛበት ስለሆነ፣ እየሄዱ ማየት አይቻልም፤ ማየት ሲፈልጉ ይቁሙ፣ ሲሄዱ እግርዎን ይዩ። ለልጅዎ ይህን ደጋግመው ይንገሩት።

እግርን ማየት የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የባሕር ኢጓናዎቹ ቀለማቸው ቁርጥ የላቫው ስለሆነ ሰው ሳያውቅ ጅራታቸውን ሊረግጥ ይችላል። በፈርናንዲና ዳርቻ በመቶዎች ሆነው እርስ በርስ ተደራርበው ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ከባሕር ገብቶ አልጌ የሚግጥ እንሽላሊት በዓለም ላይ ይህ ብቻ ነው፤ ሰውነቱ ሙቀቱን ከውጭ የሚያገኝ ስለሆነ በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ብዙ መቆየት አይችልም፤ ይበላና ወጥቶ ጥቁር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይሞቃል። ከአንዱ ኢጓና ሁለት ሜትር ርቀው ቁጭ ብለው ጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። ድንገት ራሱን ቀና አድርጎ ከአፍንጫው እንደ ማስነጠስ ያለ ጭጋግ ይረጫል፤ ከምግቡ ጋር የገባውን ጨው በአፍንጫው አጠገብ ያሉ ዕጢዎች አጣርተው የሚያስወጡት በዚህ መንገድ ነው፤ የተረጨው ጨው ተመልሶ ራሱ ላይ ስለሚደርቅ የብዙዎቹ ግንባር ነጭ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 እዚህ ደሴቶች ላይ በነበረበት ጊዜ አንዱን ደጋግሞ ወደ ውኃ ቢወረውረው ደጋግሞ ወደ ቆመበት ተመልሶለታል፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለው ነገር ክልክል ነው። ምግብ በጠፋባቸው የኤል ኒኞ ዓመታት እነዚህ እንስሳት የሰውነታቸው ርዝመት እስከ 20 በመቶ እንደሚያጥርና በኋላም ተመልሶ እንደሚረዝም ተመራማሪዎች ለክተው አረጋግጠዋል፤ አጥንት ያለው አካለ መጠን የደረሰ እንስሳ ያጥራል ብሎ ቀድሞ የጠበቀ አልነበረም።

ወደ ጫፉ ስትጠጉ ክንፉ የሰውነቱን ክብደት ሊያነሣ የማይችል፣ ዓይኑ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነ ትልቅ ጥቁር ወፍ ታያላችሁ። የማይበረው ኮርሞራንት ነው፤ ከፈርናንዲናና ከኢዛቤላ ዳርቻዎች በቀር በየትም አይገኝም። ነሐሴ የመራቢያው ወራት ስለሆነ አንዱ ከባሕር አልጌ በአፉ ይዞ ወጥቶ ጎጆ ላይ ለተቀመጠው ሲሰጥ ልታዩ ትችላላችሁ። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ በእጅብ የሚወጣውን አጭር ቢጫ ቁልቋልም አይለፉት፤ በአዲስ ላቫ ላይ መጀመሪያ ከሚበቅሉት ዕፀዋት አንዱ ነው።

ስለ እናትዎ ጉልበት ያለኝ ምክር የሚከተለው ነው። የጠዋቱ መንገድ ዳገት የለውም፤ የሚያስቸግረው ያለመስተካከሉ ነው። አንድ የሚታጠፍ ምርኩዝ፣ ጫፉ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ይያዙላቸው፤ ጫፉ ባዶ ብረት የሆነው ላቫው ላይ ይንሸራተታል፣ ድንጋዩንም ይቧጭራል። ከመውረጃው ጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ኢጓናውንም፣ ቀዩን ሸርጣንም፣ የባሕር አንበሳውንም ማየት ይቻላል። በጋላፓጎስ ማንኛውም መንገደኛ ያለ ፓርኩ ፈቃድ ያለው መሪ ብቻውን ደሴት ላይ መቆየት ስለማይችል፣ እናትዎ ባሻቸው ቦታ ቁጭ ብለው እናንተን ሊጠብቁ አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ መርከቡ ሁለት መሪዎች ያሉት ከሆነ በዝግታ ከሚሄደው ቡድን ጋር እንዲመደቡ በዋዜማው ምሽት ይጠይቁ። አንድ መሪ ብቻ ካለ ፓንጋው መጥቶ አስቀድሞ ሊወስዳቸው ይችል እንደሆነ ያጣሩ። ፀሐዩን አይናቁት፤ በነሐሴ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ቢዳምንም ደመናው የምድር ወገብን ፀሐይ አያግድም፣ ሲገለጥ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ከሥር ያነድዳል። በመንገዱ ላይ አንዲትም ጥላ የለም።

ወደ ዋናው እንምጣ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ወደ መርከቡ ተመልሳችሁ ልብስ ትቀይሩና በፓንጋ ወደ ዳርቻው ትመለሳላችሁ። ዌትሱት የሚባለው የላስቲክ ልብስ ሰውነትን የሚያሞቀው ከቆዳና ከልብሱ መካከል የገባችውን ስስ ውኃ ሰውነት ራሱ እንዲያሞቃትና እንዳትወጣ በማድረግ ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ልብስ ጥቅም የለውም፣ ውኃው እየተቀያየረ ይበርድዎታል። በነሐሴ ለምዕራቡ ክፍል እጅና እግሩ ሙሉ የሆነ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይጠይቁ። እጅና እግሩ አጭር የሆነውን ከሰጧችሁ ልጅዎ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ልብሱ በውስጡ ባለው የአየር አረፋ የተነሣ ሰውን ያንሳፍፋል፤ ላይፍ ጃኬት ሲጨመርበት መስመጥ ከባድ ነው፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ሰው ያረጋጋል።

አደጋው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ደረትንና ፊትን ድንገት ሲነካ ሰው ሳይወድ በኃይል አየር ይስባል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የልብ ምቱም ከፍ ይላል። የስኖርክል ቱቦ በአፉ የያዘ ጀማሪ በዚያ ቅጽበት ውኃ ከሳበ ይደነግጣል፤ የሚያሰጥመውም ከባሕሩ ይልቅ ድንጋጤው ነው። ስለዚህ ከፓንጋው ጠርዝ ወደ ኋላ ተገልብጠው አይግቡ። ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ያጥልቁ፣ በእጅዎ ውኃ ቀድተው አንገትዎንና ፊትዎን ያርጥቡ፣ ከዚያ በመሰላሉ ወይም ገመዱን ይዘው ቀስ ብለው ይውረዱ። ገመዱን ሳይለቁ ፊትዎን ውኃ ውስጥ ከተው ትንፋሽዎ እስኪረጋ ይቆዩ፤ አወጣጡን ከአገባቡ ያስረዝሙት። ትንፋሽዎ ካልተረጋ ይውጡ፤ ማንም አይታዘብዎትም፣ ቢታዘብም ግድ የለም። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ሳያማክር በእንዲህ ያለ ውኃ መግባት የለበትም፤ ይህ ለባለቤትዎም ይሠራል።

የፊት ማስኩን አለካክ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ማሰሪያውን ሳያስሩ ማስኩን ፊትዎ ላይ ያስጠጉና በአፍንጫዎ በቀስታ አየር ይሳቡ፤ ሳይዙት ተጣብቆ ከቀረ ልክዎ ነው። ሹሩባ የተሠሩ ከሆነ የማስኩ የሲሊኮን ጠርዝ በግንባር በኩል ጉንጉኑ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ አንዲት ዘለላ ከሥሩ ከገባች ውኃ ማስገባቱ አይቀርም። ከጉዞው በፊት ፀጉርዎን ወደ ኋላ ዝቅ አድርገው ቢሠሩት ማሰሪያውም አያስቸግርዎትም፤ የዌትሱት ኮፍያ ካገኙ ፀጉሩንም ሙቀቱንም ይጠብቅልዎታል። ጢም ያለው ሰውም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ባለቤትዎ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ጥቂት ማንሳት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ማስክና ቱቦውን ገዝተው ከአሁኑ ጀምረው በሰፈርዎ ገንዳ ይለማመዱ፦ ፊትን አጥልቆ በአፍ ብቻ መተንፈስ፣ ቱቦው ውስጥ የገባን ውኃ በአንድ ኃይለኛ እፍታ ማስወጣት፣ ማስኩ ውስጥ የገባን ውኃ ቀና ብሎ ማፍሰስ። እነዚህን ሦስቱን ገንዳ ውስጥ ያለ ጭንቀት ከሠሩ ባሕሩ ላይ አያስቸግርዎትም። ካልሠሩዋቸው ግን መጀመሪያ የሚለማመዱበት ቦታ ፈርናንዲና መሆን የለበትም።

ውኃው ውስጥ ካሉ በኋላ ብዙ መዋኘት አያስፈልግም፤ ተንሳፍፎ መቆየት ይበቃል። ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ጥልቀት በሌለው ቦታ አልጌ ሲግጡ ማዕበሉ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል፤ እናንተንም እንደዚያው ይወስዳችኋል፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ጥቂት ሜትሮች ራቁ፣ በማዕበሉ ላይ አትታገሉ። ኤሊውን ከኋላው አያሳድዱት፣ ከጎኑ ሆነው ይመልከቱት። ወጣት የባሕር አንበሶች ራሳቸው መጥተው ይዞሩዎታል፤ ዳርቻውን የሚጠብቀውን፣ እየጮኸ የሚመላለሰውን ትልቁን ወንድ ግን ራቁት። ነጭ ጫፍ ያለው ሻርክ በዋሻ ሥር ተኝቶ ቢያዩ ሰውን የሚተናኮል አይደለም፤ እኔ ከእርሱ ይልቅ የምጠነቀቀው እጅን ሳያዩ ድንጋይ ላይ ከማሳረፍ ነው፣ የባሕር ጃርት እሾህ ብዙ ነውና። ቀጭን ልጅ ከአዋቂ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ልጅዎ «አልበረደኝም» ቢልም ከንፈሩን ይዩ፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ክርክር ሳያስፈልግ ይውጣ። ሠላሳ ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን በቂ ነው። እናትዎ በዚህ ጊዜ ፓንጋው ላይ ተቀምጠው ሊከተሏችሁ ይችላሉ፤ ኮርሞራንቱና ፔንግዊኑ ሲጠልቁና ሲወጡ የሚታዩት ይበልጥ ከጀልባው ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ መርከቡ ሰርጡን ተሻግሮ ታጉስ ኮቭ ይገባል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የባሕር ወንበዴዎችና ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚጠለሉበት፣ በገደል የተከበበ ትንሽ ወደብ ነው፤ በገደሉ ላይ የመርከቦቻቸውን ስም ጽፈዋል፣ ከሚነበቡት መካከል 1836 የሚል ዓመት ያለበት አለ። እዚህ የሚዋኘው በገደሉ ሥር በመሆኑ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ አያገኙም፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ትንፋሽዎን ለማርጋት ከተቸገሩ የከሰዓቱን ይተዉት እልዎታለሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባልም ያለማመንታት የጠዋቱን እመርጣለሁ። ከዋና ይልቅ እናትዎን ይዘው በፓንጋ ገደሉን ተከትለው ቢዞሩ፣ ጽሑፎቹንም፣ ሰማያዊ እግር ያላቸውን ወፎችም፣ ፔንግዊኖችንም ከመቀመጫዎ ያያሉ።

ዳገቱ የሚጀመረው ፀሐይ ሲበርድ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። አለቱ ከጠዋቱ ፍጹም የተለየ ነው። ጠዋት የረገጡት በሰላም የፈሰሰ ላቫ ሲሆን፣ ይህኛው ቅልጥ አለት ከውኃ ጋር ተገናኝቶ በኃይል በመፈንዳቱ ወደ ሰማይ የተረጨ አመድ ተከምሮ የጠነከረበት ነው። በመንገዱ ዳር አተር የሚያህሉ ድቡልቡል ጠጠሮች ያያሉ፤ በአመዱ ደመና ውስጥ እርጥበት ላይ አመድ እየተለጠፈ የተሠሩ ናቸው። ለእኔ በዚህ ጉዞ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚወደዱት እነርሱ ናቸው፤ ለጉልበት ግን ጠላት ናቸው፣ ከሥር እየተንከባለሉ ያንሸራትታሉ። አወጣጡ በደረጃ ስለሚጀመር ይቻላል፤ ጉልበት የሚጎዳው በመውረጃው ነው። እናትዎ ይህን ይተዉት ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለእናንተ ለሦስታችሁ ግን ይገባል፦ ከላይ ሆናችሁ በአሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጠውን የዳርዊን ሐይቅ ታያላችሁ፤ ውኃው ከባሕሩ ይልቅ ጨዋማ ነው። ዳርዊን ራሱ በዚሁ አካባቢ በሌላ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ አይቶ በጥማት ወርዶ ቢቀምሰው ጨው ሆኖበታል። በዳገቱ ላይ በነሐሴ ቅጠል የሌላቸው ግራጫ ዛፎች ይበዛሉ፤ ፓሎ ሳንቶ ይባላሉ፣ የእኛ እጣንና ከርቤ ከሚገኙበት የዛፍ ቤተሰብ ናቸው፤ መዓዛቸውን እናትዎ ቢያገኙት ይለዩት ነበር። ቅርፊት ወይም ቅርንጫፍ መስበር ግን አይፈቀድም፤ ድንጋይ፣ ዛጎል፣ አሸዋም እንዲሁ። ጋላፓጎስ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላና ስሜንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ እንደነበሩ ለልጅዎ ይንገሩት።

ጾሙን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ከጉዟችሁ ጋር ይገጥማል። የምግቡ ነገር ቀላል ነው፤ ለመርከቡ አስቀድመው «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለው» ብለው በጽሑፍ ካሳወቁ ያዘጋጃሉ፤ በደሴቶቹ መካከል ሆኖ ዘግይቶ መጠየቅ ግን አያዋጣም። ከባዱ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ በጥቁር ላቫ ላይ መሄድ ለ66 ዓመት ሰው፣ በተለይም የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ አደገኛ ነው። በባዶ ሆድ ቀዝቃዛ ውኃ መግባትም ቶሎ ያበርዳል። እናትዎ ከመነሣታቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ቢያንስ ለእነዚህ የእግር ጉዞ ቀናት መፍትሔ ይያዙ፤ ጠዋት መብላትና መጠጣት የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ የፓንጋውን ጉብኝት ብቻ ይምረጡ። የባሕር ሕመምም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ብዙ መርከቦች ወደ ምዕራቡ የሚሻገሩት በሌሊት የኢዛቤላን ሰሜን ዞረው ሲሆን፣ በነሐሴ ማዕበሉ ይበረታል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚጠቅመው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ሲወሰድ ነው፤ ለእናትዎ ግን ከሌላ መድኃኒታቸው ጋር መጣጣሙን ሐኪም ይይ።

የመጨረሻውን ቀሪ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ለመርከቡ ድርጅት በጽሑፍ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ ለ13 ዓመት ልጅ ልክ የሆነ 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት አለ ወይ፣ በተለያየ መጠን የፊት ማስክስ አለ ወይ፤ መሪዎቹ ስንት ናቸው፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ቡድንስ ይለያሉ ወይ፤ በስኖርክል ሰዓት አንዱ ፓንጋ ከዋናተኞቹ ጋር ይቆያል ወይ፣ የማይዋኝ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል ወይ። የመጨረሻዋን ጥያቄ «እንደ ሁኔታው» ብለው ቢመልሱልዎ እንደገና ይጠይቁ፤ የእናትዎ ቀን የሚወሰነው በእርሷ ነው። ጫማ በተመለከተ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ያዙ፦ አንድ ሶሉ የሚይዝና ጣት የሚሸፍን ለላቫው፣ አንድ ውኃ የሚገባበት ለአሸዋማ ዳርቻዎች። ፈርናንዲና ከውጭ የመጣ አይጥም ድመትም ፍየልም ያልገባበት ደሴት ስለሆነ ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ሶል ያጥቧችኋል፤ በሶሉ ውስጥ የተሰካ የሣር ዘር ካለ ከቤት ሳትወጡ ነቅላችሁ አጽዱት።